እሳቱ ለምን ይጠፋል? ጥቁር ናፍጣን በእንፋሎት ለሚያነድ ወንድም

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። «ጋሼ፣ ሱፍ የምናጥብበትና ክር የምናቀልምበት አንድ ትንሽ ቦይለር አለን። እንጨት ሲወደድብን አንድ የብየዳ ባለሙያ በእንፋሎት የሚረጭ ማንደጃ ሠራልን። ጥቁር ናፍጣን ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር ቀላቅለን በእሱ እናነዳለን። እሳቱ ደህና ሲነድ ይቆይና ድንገት ይንተፋተፋል፤ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ራሱ ተመልሶ በድምፅ ይቀጣጠላል። ከኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጥቁር ቅርፊት ይጋገራል። ዘይቱ የሚረጭበትን አፍንጫ ሦስት ጊዜ ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ምን እናድርግ?»

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ «ራሱ ተመልሶ በድምፅ ይቀጣጠላል» ያልከው ነው። እሳቱ ጠፍቶ ዘይቱ መርጨቱን ከቀጠለ ምድጃው በዘይት ትነት ይሞላል። ያ ትነት የጋለ ነገር ሲያገኝ የምትሰማው ድምፅ ፍንዳታ ነው። እስከ ዛሬ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አልጎዳችሁም። ይህን እስከ መጨረሻው አንብበህ የምልህን እስክታስተካክል ድረስ ማንደጃውን አታንድደው። ሠራተኞችህንም ከምድጃው በር ፊት ለፊት መቆም ከልክላቸው።

አፍንጫውን ሦስት ጊዜ መቀየራችሁ አልገረመኝም። ሁሉም የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ እኔም ወጣት ሳለሁ እንደዚያው ነበርኩ። የሚታየውና በእጅ የሚያዘው እሱ ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ይመስላል። እኔ በብዙ ዓመት ሥራዬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የእንፋሎት ማንደጃ ሲያስቸግር በአብዛኛው በሽታው ከአፍንጫው በፊት ወይም ከአፍንጫው በኋላ ነው። በፊቱ ያለው ውሃ ነው፤ በኋላው ያለው ጡብ ነው። የአንተ ማንደጃ ሁለቱም በሽታዎች ያሉበት ይመስለኛል።

ለምን እንደዚህ እንደምል እንድትረዳ ይህን ሥራ የጀመሩትን ሰዎች ላንሳልህ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባኩ ከላምባ ማጣሪያዎች የሚተርፈው ጥቁር ዝቃጭ፣ ሩስያውያን ማዙት የሚሉት፣ መጣያ የታጣለት ነገር ነበር። መጀመሪያ በሰፋፊ የብረት ገንዳ እያፈሰሱ ያነዱት ነበር። በኋላ ደግሞ ገንዳዎቹን እንደ ደረጃ ደርድረው ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየወረደ እንዲነድ አደረጉ። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ሴንት ክሌር ዴቪል በ1860ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በቆመ የብረት ፍርግርግ ላይ እያንጠባጠበ ሞከረው። ሁሉም ነደዋል፤ ነገር ግን ችግራቸው አንድ ነበር። ዘይት ፈሳሽ ሆኖ ሳለ አይነድም፤ የሚነደው ትነቱ ነው። ትነት ደግሞ የሚወጣው ከፊቱ ብቻ ነው። ገንዳ ላይ የተኛ ዘይት ያለው ፊት ትንሽ ስለሆነ እሳቱ ጭሳም፣ ረጅምና ሰነፍ ይሆናል።

መፍትሔው እንፋሎት ሆነ። ሩስያዊው አሌክሳንደር ሽፓኮቭስኪ በ1860ዎቹ፣ ቭላዲሚር ሹኮቭ ደግሞ በ1880 አካባቢ፣ ዘይቱን በእንፋሎት ጉልበት እየቆራረጡ እንደ ጉም የሚበትኑ አፍንጫዎች ሠሩ። ይህ ምን ያህል እንደሚለውጥ አስላው። አንድ ሊትር ዘይት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ወደሚሆኑ ጠብታዎች ቢቆራረጥ፣ የጠብታዎቹ ፊት ሲደመር 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። የአንድ ሰፊ ክፍል ወለል ማለት ነው፤ ከአንድ ሊትር።

ለአንተ ከሁሉም የሚጠቅምህ ግን ቶማስ ኧርከርት ነው። በሩስያ ከግርያዚ እስከ ዛሬዋ ቮልጎግራድ ድረስ በሚሄደው የባቡር መስመር ላይ የሎኮሞቲቮች ኃላፊ ነበር። በ1880ዎቹ የመስመሩን ሎኮሞቲቮች ወደ ማዙት አዛወራቸው። የሠራውንም በ1884 ለብሪታንያ የመካኒካል መሐንዲሶች ተቋም በዝርዝር አቀረበ። የእሱን ምድጃ ሥዕል ስመለከት ዓይኔን የሚይዘው የአፍንጫው ነገር አይደለም። በብረቱ የእሳት ክፍል ውስጥ ሌላ ክፍል በጡብ ገንብቷል፤ ነበልባሉ በመጀመሪያ የሚገባው ወደዚያ የጋለ ጡብ ነው። ዘይቱንም በጋኑ ውስጥ በእንፋሎት ጥቅል ቧንቧ ያሞቀው ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ጄምስ ሆልደን በ1893 «ፔትሮሊያ» የተባለችውን ሎኮሞቲቭ በዘይት ሲያስነዳ ጡብ ላይ ብቻ አልተማመነም፤ ከታች ስስ የድንጋይ ከሰል ፍም አንጥፎ ዘይቱን በላዩ ረጨው። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ያወቁት ነገር አንድ ነው፤ ጉሙ ከአፍንጫው ሲወጣ የሚቀበለው የጋለ ነገር ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ አንተ ምድጃ እንመለስ። መንተፋተፉ የውሃ ምልክት ነው። የተቃጠለ ዘይት ከየጋራዡ ሲሰበሰብ ውሃ ሳይቀላቀልበት አይመጣም፤ በርሜሎቹ ክዳናቸው ተከፍቶ ዝናብ ላይ ይውላሉ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በባሕር ጠለል ላይ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ አንተ ዘንድ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ በዘይቱ ውስጥ የገባች አንዲት ጉንጭ ውሃ ነበልባሉን ገፍታ ከአፍንጫው ለመንቀል ትበቃለች። ቀጥሎ ዘይቱ ይመጣል፤ የጋለ ነገር ያገኝና ይቀጣጠላል። ድምፁ ያ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ከቤት ውጭ፣ ከጋኑ ርቀህ፣ አንድ ቁራጭ ላሜራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አግል። ከጋኑ ሥር የቀዳኸውን ዘይት በዱላ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቻ አንጠብጥበት። ዝም ብሎ ከተነጠፈና ቀስ ብሎ ካጨሰ ንጹሕ ነው። ከተንጣጣና አረፋ እየሠራ ከፈነጠረ ውሃ አለው። ዓይንህን በመነጽር ሸፍን፤ ጠብታዋም አንድ ትሁን። ውሃ ካለው ሁለት ጋን ያስፈልግሃል፤ አንዱ ሲነድ ሌላው ሳይነካ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይረጋል። ወደ ማንደጃው የሚሄደውን ቧንቧ ከጋኑ ሥር አታውጣው፤ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገህ አውጣ። ከሥር ያለው ቀዳዳ የውሃና የደለል ማስወገጃ ብቻ ይሁን፤ ጠዋት ጠዋት ይከፈት። ከፓምፑ በፊትም ጥሩ ወንፊት አድርግ፤ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ሞልቷል።

ውሃው እንዲለይ ዘይቱ መሞቅ አለበት። እዚህ ላይ ግን የከተማህን ከፍታ አትርሳ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው የተጻፈ መመሪያ «ጋኑን 95 ዲግሪ አድርስ» ቢልህና ብትታዘዘው በዘይቱ ሥር ያለው ውሃ ይፈላል፤ ጋኑ እንደ ወተት ገንፍሎ ወለሉን ሁሉ ዘይት ያደርግብሃል። ጋኑን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አቆመው። ዘይቱ እንደ ውሃ እንዲቀጥን የቀረውን ሙቀት ከማንደጃው አጠገብ፣ ቧንቧው ላይ በተጠመጠመ የእንፋሎት ቱቦ ስጠው። የደብረ ብርሃን ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ፤ ጥቁር ናፍጣ በዚያ ብርድ እንደ ማር ነው፤ ማር ደግሞ አይረጭም።

ሁለተኛው የውሃ በር እንፋሎቱ ራሱ ነው። ወደ ማንደጃው የሚሄደውን እንፋሎት ከየት እንደምትወስድ አልጻፍክልኝም። ከቦይለሩ አናት መውሰድ አለብህ። ቧንቧው ከላይ እስከ ታች በሙቀት መከላከያ ይጠቅለል። ከአፍንጫው በፊት ደግሞ ወደ ታች የምትወርድ አጭር ቧንቧ ከነማስወገጃ ቫልቯ ትኑርህ፤ በመንገድ ላይ የቀዘቀዘው ውሃ በዚያ ይውጣ። ቫልቯን ስትከፍት መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ነጭ ደመና ይመጣል። ወደ ውጭ የሚወጣው እንፋሎት ቫልቩ አፍ ላይ ጥቂት የማይታይ ክፍተት ትቶ ከዚያ በኋላ ከነጣ ደረቅ ነው ማለት ነው፤ ማንደድ ትችላለህ። እጅህን ወደዚያ ክፍተት እንዳታስጠጋ፤ የማይታየው እንፋሎት ከሚታየው ይብሳል። በደንብ የተሠራ ማንደጃ ቦይለሩ ከሚያመርተው እንፋሎት ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህሉን ነው የሚወስድ። የአንተ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ከሆነ ትርፉን በጭስ ማውጫው እየላክኸው ነው። ቀድሞ ብዙ መርከቦች ይህን ዓይነት ማንደጃ የተዉት ለዚህ ነው፤ ባሕር ላይ ንጹሕ ውሃ በእንፋሎት መልክ ሲባክን በቀላሉ አይተካም።

ግድግዳው ላይ ወደሚጋገረው ቅርፊት እንምጣ። የምድጃው የኋላ ግድግዳ ከበስተጀርባው ውሃ ያለበት ብረት ነው። እሳት ውስጥ ቢሆንም ለዘይት ጠብታ ቀዝቃዛ ነው። ሳይነድ የደረሰ ጠብታ እዚያ ተለጥፎ ይከስላል። ስለዚህ የእሳት ክፍሉን ወለልና የጎኖቹን የታችኛውን ክፍል እሳት በሚችል ጡብ ሸፍን፤ ከኋላው ግድግዳ ፊት ለፊትም ዝቅ ያለ የጡብ አጥር አቁም። ተራ ቀይ ጡብ አይሆንም፤ ይሰነጠቃል፣ ፊቱም ይቀልጣል። በሲሚንቶም አትገንባው፤ እሳት በሚችል ጭቃ በስሱ አያይዘው። ጡብ ሲግል ስለሚሰፋ ከብረቱ ጋር አታጣብቀው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ተውለት። ሠርተህ እንደጨረስህ ወዲያው ዘይት አታንድድበት፤ ሁለት ቀን በትንሽ እንጨት አድርቀው። ሥራው በትክክል መያዙን የምታውቀው በመመልከቻው ቀዳዳ ስታይ ጡቡ ብርቱካናማ ሆኖ ሲበራ፣ የነበልባሉም ጫፍ ብረቱን ሳይነካ ሲያልቅ ነው።

አየር ቀርቷል። አንድ ኪሎ ዘይት በባሕር ጠለል ላይ ወደ 11 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። አንተ ዘንድ አየሩ ስስ ስለሆነ ከ15 ሜትር ኩብ በታች አይበቃውም። ማንደጃውን የሠራላችሁ ሰው ቆላ ላይ ያየውን ልክ ቀድቶ ከሆነ የአየር ቀዳዳዎቹ ጠበዋል ማለት ነው። የጭሱን ቀለም ተከተል። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል። ምንም ጭስ ሳይታይ እሳቱ ዓይን የሚያጭበረብር ነጭ ከሆነ አየሩ በዝቶ ሙቀቱን እያባረረው ነው። እምብዛም የማይታይ ስስ ግራጫ ጥሩ ነው። ነጭና ወፍራም፣ የዘይት ሽታ ያለው ጭስ ካየህ ግን ያልነደደ ትነት እየወጣ ነውና ዘይቱን ወዲያው ዝጋ።

አሁን አለኳኮሱ። በወጣትነቴ በአንድ ፋብሪካ የእንዲህ ዓይነቱ ማንደጃ እሳት ጠፋብኝ። ጡቡ ገና ቀይ ስለነበር «ራሱ ይይዛል» ብዬ ዘይቱን መልሼ ከፈትኩት። ያዘ። የምድጃው በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ፤ አጠገቤ የነበረው ረዳት ክንዱ ተቃጠለ። ጠባሳው አብሮት ኖረ፤ እኔም ባገኘሁት ቁጥር አየው ነበር። ያ የጋለ ጡብ የእሳትህ ረዳት የሚሆነው እሳቱ ሲነድ ብቻ ነው፤ ከጠፋ በኋላ ክብሪት ነው። ስለዚህ እሳት በጠፋ ቁጥር፣ ለአንድ ሰኮንድም ቢሆን፣ መጀመሪያ የዘይቱን ቫልቭ ዝጋ። የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ሙሉ በሙሉ ክፈት። ምድጃውን ለአምስት ደቂቃ በአየር አስነፍሰው። ከዚያ በኋላ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ረጅም ብረት ላይ አስረህ ለኩስና በጎን ቀዳዳ አፍንጫው ፊት አድርሰው፤ እንፋሎቱን በስሱ ክፈት፤ ዘይቱን ከሁሉ በኋላ፣ በጣም ቀስ ብለህ። በሦስት ሰኮንድ ካልያዘ ዝጋና ከመጀመሪያው ጀምር። ማታ ስታጠፋም ዘይቱ ይቅደም፤ እንፋሎቱ ጥቂት ቆይቶ አፍንጫውን ጠርጎ ይዘጋ። ጠዋት ቦይለሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንፋሎት ከሌለህ በእንጨት ጀምረህ ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ ወደ ዘይት ተሻገር። ኧርከርት ለዚህ ከሌላ ሎኮሞቲቭ እንፋሎት ይዋስ ነበር፤ አንተ ጎረቤት ሎኮሞቲቭ የለህም፣ እንጨት ግን አለህ። ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት የውሃውን ልክ የሚያሳየውን መስታወትና ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የሚያስወጣውን የሴፍቲ ቫልቭ አሠራር አረጋግጥ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከትራንስፎርመር የወጣ ዘይት ቢያመጡልህ አትቀበል። አንዳንዱ አሮጌ ትራንስፎርመር ውስጥ ያለው ዘይት ሲቃጠል እጅግ አደገኛ መርዝ የሚወጣው ኬሚካል አለበት። የሞተር ዘይቱም ጭስ ብረት አዘል ነውና ጭስ ማውጫህ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ይውጣ።

ነገ ጠዋት ከጋኑ ሥር ያለውን ማስወገጃ ክፈትና የሚወጣውን ውሃ በሊትር ለካ። ስንት እንደወጣና እንፋሎቱን ከቦይለሩ የትኛው ቦታ እንደምትወስድ ጻፍልኝ። የጡቡን ልክ ከዚያ በኋላ እሥልልሃለሁ።