«ተገነጠለች» ወይስ «ነጻ ወጣች»?

ጥያቄ፦ አዲስ አገር ሲፈጠር አንዱ ጋዜጣ «ተገነጠለች»፣ ሌላው «ነጻ ወጣች»፣ ሌላው ደግሞ «ተመሠረተች» ይላል። ልዩነት አላቸው? የራሱ ሕግ ያለው የኢኮኖሚ ቀጠናስ «ነጻ» ሲባል ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ልዩነትማ አላቸው፤ ያውም ሰፊ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ነጻ ወጣ» የምንለው ከገዥ እጅ ለወጣ ነው። ጋና በ1957 ከብሪታንያ ነጻ ወጣች። ተገነጠለች የሚል የለም፤ ገዥና ተገዥ ድሮም አንድ አካል አልነበሩምና። «መገንጠል» ግን «አንድ ነበሩ» ብሎ ይነሳል። ቅርንጫፍ የሚገነጠለው ከግንዱ ነው። ስለዚህ ይህን ግስ የመረጠ ጸሐፊ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ከግንዱ ጎን ቆሟል። «ተገንጣይ» ሲሆንማ ጭራሽ ስድብ ነው።

ደቡብ ሱዳንን እንይ። በጥር 2011 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 99 በመቶ ያህሉ መራጭ የራሱን መንግሥት መረጠ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም አገሪቱ ተመሠረተች። የሄደው «ነጻ ወጣሁ» ይላል፣ የቀረው «ተገነጠለ» ይላል። ዜና የሚጽፍ ሰው ከሁለቱም ወገን ላለመሆን ከፈለገ የሆነውን ቢጽፍ ይሻላል፦ «በሕዝበ ውሳኔ የራሷን መንግሥት መሠረተች»።

ሁሉም መለያየት ደግሞ መገንጠል አይደለም። ሲንጋፖር በ1965 ከማሌዥያ ስትወጣ ግፊቱ የመጣው ከማሌዥያ መንግሥት ነው። «ተገነጠለች» ካልን አድራጊውን ገለበጥነው፤ «እንድትወጣ ተደረገ» ነው ትክክሉ። ቼክና ስሎቫኪያ በ1993 መጀመሪያ «ተለያዩ»። ይህ ግስ ደስ ይለኛል፤ ሁለቱንም እኩል አድራጊ ያደርጋል።

«ማወጅ» እና «እውቅና» ሲምታቱም አያለሁ። ለማወጅ የራስ አፍ ይበቃል። እውቅና ግን ከሌላው የሚገኝ ነው። ኮሶቮ በ2008 ነጻነቷን አወጀች፤ ብዙ አገሮች እውቅና ሰጧት፣ ሰርቢያ ግን እምቢ አለች። በ1933 የተፈረመው የሞንቴቪዲዮ ስምምነትም ለመንግሥትነት የሚጠይቀው ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥትና ከሌሎች ጋር ግንኙነት የመፍጠር ችሎታን ነው። እውቅና ከአራቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ «እውቅና አገኘች» ለማለት ፈልገን «አገር ሆነች» ብለን አንጻፍ።

ወደ ኢኮኖሚው ስንመጣ አገር ይመሠረታል፤ ቀጠና፣ ባንክ፣ ድርጅት ግን ቢቋቋም ይሻላል። ሼንዘን ላይ በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ተቋቋመ፤ ሉዓላዊነቱ የቻይና እንደሆነ ቀረ። «ነጻ የንግድ ቀጠና» ውስጥ ያለው «ነጻ» ከቀረጥና መሰል ግዴታ ነጻ ለማለት ነው፤ ከመንግሥት ነጻ ለማለት አይደለም። ሆንግ ኮንግ የራሷ ገንዘብና ጉምሩክ አላት፣ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልም በራሷ ስም ናት። እንዲህም ሆኖ የቻይና ልዩ የአስተዳደር ክልል ናት። እሷን «ራስ ገዝ» በሏት ወይም «የራሷ ጉምሩክ ያላት» በሏት፤ «ነጻ አገር» ግን አትበሏት።