ቀኙ ቀስት ማንም ሳይረግጠው ለምን ይጫናል?

የኮምቦልቻው አንባቢያችን የዳንስ ፓድ፣ ማለትም በእግር እየረገጡ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጫወቱበትን ሰሌዳ፣ ራሱ ሠርቷል። አራት ቀስት፣ ከሥራቸው ግፊት የሚያነብ ስስ ሴንሰር፣ ሴንሰሩን አንብቦ ለኮምፒውተሩ የሚነግር አርዱይኖ ሊዮናርዶ የሚባል ትንሽ ሰርኪት ቦርድ፣ ጨዋታው በሙዚቃ ቀስት የሚያስረግጠው ስቴፕማኒያ። የሚረገጡትን ፓነሎች ከሴንሰሩ ከፍ አድርገው የሚይዙትን እግሮች በስሪዲ ፕሪንተር ፒኤልኤ ከሚባለው ፕላስቲክ አሳትሟል። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ አሁን ቀኙ ቀስት ራሱን ይጫናል፣ ትንሽ ከተጫወቱበት ደግሞ ይብስበታል። በዚያው ቀስት ሥር የመብራቶቹ ፓወር ሰፕላይ እንዳለም ጽፏል።

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ፓወር ሰፕላዩ ነው። እግሮቹን አሙቆ አውርዷቸዋል፣ ፓነሉም ሴንሰሩ ላይ ተቀምጧል ብዬ ነው የምጠረጥረው።

ግን በመጀመሪያ ያንን ሳጥን ከፓዱ አውጣው። ዛሬውኑ። 220 ቮልት ከሰው እግር ሥር አይገባም! ፍሬሙ ላሜራ ነው፣ እግር ባዶ ነው፣ ላብ አለ፣ ማከፋፈያህም የምድር ሽቦ (ኧርዝ) የሌለው ባለሁለት ሽቦ ነው። አዳፕተሩ ግድግዳው ጋ ይቅር፣ ወደ ፓዱ የ12 ቮልት ሽቦ ብቻ ይግባ።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ። ፒኤልኤ የሚለሰልሰው 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ሲባል ሰው ሁሉ "የኔ ቤት መቼ 60 ደረሰ" ይላል። መድረስ የለበትም እኮ። ፕላስቲክ ሸክም ተጭኖት ሲቆይ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ መጽሐፍ የበዛበት መደርደሪያ እንደሚጎብጠው፤ ሸክሙ ሲነሳለትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትወርድ በዓይን አታያትም። ሴንሰሩ ግን ያያታል፤ ሳይነካ ሬዚስታንሱ እጅግ ከፍተኛ ነው፣ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ገና በመጀመሪያው ቀላል ግፊት ላይ ነው። ስለዚህ የፓነሉ ክብደት ብቻ ለጨዋታው "ተረገጠ" ብሎ ይነግርልሃል። ደሴ ላይ ያለ ሰው ይህ ትንሽ ይዘገይለት ይሆናል፣ ኮምቦልቻ ግን ሙቀቱ አለ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አርዱይኖው የሚያነበውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ የሚያሳየውን ሴሪያል ሞኒተር ክፈትና ማንም ሳይቆምበት የአራቱን ቀስት ቁጥር እይ፤ ልኬቱ ከ0 እስከ 1023 ነው። ቀኙ ከሌሎቹ በጣም ከፍ ካለ ፓነሉን አንሳና በያንዳንዱ እግር ላይ ከአሮጌ የሞባይል ካርድ የቆረጥካትን ቁራጭ አድርግ። ቁጥሩ ወደ ሌሎቹ ከወረደ ጥፋቱ እግሮቹ ናቸው። እግሮቹን ሙቀት በሚሻል መልኩ በሚችለው ፒኢቲጂ ፕላስቲክ፣ ውስጣቸውን ሙሉ አድርገህ አሳትም። ከዚያም የሚሻለው የብረት ሮንዴላ ደራርቦ በቪቴ ማሰር ነው፣ ብረት አይሸሽም። ፕላስቲኩ ሴንሰሩን ቦታው ላይ ብቻ ይያዝ።

ጓደኛህ ፕሮግራሙ ውስጥ ገደቡን ("ተረገጠ" የሚባልበትን ቁጥር) ከፍ አድርጎ "አስተካከልኩት" ያለህን መልሰው። ያ ጥገና አይደለም፣ ቀስቱን ማደንቆር ነው። አሁን በርትተህ ካልረገጥከው አይሰማም፣ እግሩ ትንሽ ሲወርድ ደግሞ ያው በሽታ ይመለሳል። የሴንሰሩን ጅራት በቀጥታ በይዶት ከሆነም እየው፤ ከሥሩ ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ይቀልጣል። ያለ ብየዳ፣ ጨምቆ በሚይዝ ማገናኛ ነው የሚያዘው። ገበያ ላይ ያሉት ርካሾቹ ሴንሰሮች ደግሞ ከአንድ ከረጢት ወጥተው ሁለቱ እኩል አያነቡም፣ ስለዚህ ገደቡን ለየቀስቱ ለብቻ አውጣለት።

ካርዱ ቁጥሩን ካላወረደው የግራና የቀኙን ሴንሰር ሽቦ አቀያይር። ችግሩ ወደ ግራ ከተዛወረ ሴንሰሩ ወይም ማገናኛው ነው፣ ቀይረው። ቀኝ ላይ ከቀረ የአርዱይኖውን ፒንና 10 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር በቴስተር ለካ። ይህን ሁሉ ግን 220ውን ካወጣህ በኋላ፣ እሺ?