ከርከሮ መስሎኝ ጎረቤቴን መታሁ፤ ታርቀናል፣ ፖሊስ ግን ጠራኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ የቤተሰቤ እርሻ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። በቆሎው ሊደርስ ሲል ከርከሮ እያወደመው ተቸገርን። አንድ ምሽት ከባለቤቴ ወንድም ጋር ልንጠብቅ ወጣን። የያዝነው የአጎቴን ክላሽ ነው፤ ፈቃድ አለው። ብርድ ስለነበር አረቄም ቀማምሰናል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ በቆሎው ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁና ተኮስኩ። የመታሁት ጎረቤታችንን ነበር፤ ጭኑ ላይ። እሱም ባትሪ ሳይዝ የራሱን ማሳ ሊጠብቅ ወጥቶ ነው። ወዲያው ሆስፒታል አደረስነው፤ አጥንቱ ተሰብሯል። ሽማግሌዎች አስታርቀውን፣ የሕክምናውን ከፍዬ፣ «ከእንግዲህ አንጠያየቅም» ብለን ተፈራርመናል። አሁን ፖሊስ ለቃል ጠራኝ። ዘመዶቼ «ጠመንጃው ወድቆ ነው የተኮሰው በል» ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ «እኔ ልውሰደው» ይላል። ሆን ብዬ እንዳላደረግኩት አገር ያውቃል። ልታሰር እችላለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጎረቤትዎን ምሕረት ያውርድለት። አሁን ከአስቸኳዩ ልነሳ። ጠመንጃው ወድቆ ተኮሰ የሚለውን ታሪክ ዛሬውኑ ይተዉት። መርማሪው ጥይቱ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ከሐኪም ማስረጃ ያያል። ቀለሁ የተገኘበትን፣ እርስዎ የነበሩበትንና ጎረቤትዎ የወደቀበትን ቦታ ያነጻጽራል። የባለቤትዎን ወንድም ለብቻው ይጠይቀዋል። ታሪኩ አንድ ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ፣ እውነት የሆነውንም ነገርዎን የሚያምንዎ አያገኙም። የአጎትዎ ሐሳብ ደግሞ ደግነት ቢመስልም ፍትሕን ማሳሳት ነው፤ ራሱን የቻለ ወንጀል። አንድ ተከሳሽ የነበረው ጉዳይ ሁለት ተከሳሽ ይኖረዋል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ቃል አልሰጥም ብሎ ዝም ማለት መብትዎ ነው። ዝም ማለትና መዋሸት ግን ለየቅል ናቸው። ከተያዙም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡዎት ይገባል። በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ደግሞ ዋስትና ብዙ ጊዜ አያስቸግርም።

«ሆን ብዬ አይደለም» ወደሚለው እንምጣ። ልክ ነዎት፤ ሆን ብለው አይደለም። ችግሩ ሕጉ እዚያ ላይ አያቆምም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሁለት ዓይነት አድርጎ ያየዋል። አንዱ አደጋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቁ «አይደርስም» ብሎ መድፈር ነው። ሁለተኛው ማወቅ ሲገባዎት ወይም ሲችሉ ጭራሽ አለማሰብ ነው። ዳኛው ዕድሜዎን፣ ልምድዎን፣ ትምህርትዎንና ሥራዎን አይቶ «በዚህ ሰው ቦታ ምን ይጠበቅ ነበር?» ይላል።

እዚህ ላይ መልሱ እርስዎን አይጠቅምም፤ በግልጽ ልንገርዎ። በቆሎ ሲደርስ አካባቢው በሙሉ ማማ ላይ ያድራል። ማሳ ውስጥ ሰው እንዳለ የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። እርስዎ የተኮሱት ደግሞ ባዩት ነገር ላይ አይደለም፤ በሰሙት ድምፅ ላይ ነው። ክላሽ የምትተፋው ጥይት ዒላማውን ብትስት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ልትሄድ ትችላለች። በቆሎ አገዳ አያቆማትም። ባትሪ አብርቶ የሚያበራ ዓይን አይቶ መተኮስም ቢሆን አይበቃም፤ የላምም የውሻም ዓይን ያበራል። የሰው ዓይን ደግሞ እንደ እነሱ ስለማያበራ፣ ከእንስሳው ጀርባ የቆመውን ሰው ጨርሶ ላያዩት ይችላሉ። ስለዚህ መርማሪው የሚጠይቅዎ እነዚህን ነው፦ ዒላማውን ለይተው አዩት? ከጀርባው ምን እንዳለ አወቁ? ጥይቱን ያቀባበሉት መቼ ነው? ከቤት ጀምሮ አቀባብሎ፣ ጣትን ቃታ ላይ አድርጎ በጨለማ መሄድ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ጎረቤትዎን «ማነው?» ብለው ተጣርተው ነበር? አንድ ቃል ነበረች።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ለመርማሪው «ሰው ሊኖር እንደሚችል አውቅ ነበር፤ የመጣው ይምጣ ብዬ ተኮስኩ» የሚል የሚመስል ቃል ከሰጡ፣ ጉዳዩ ከቸልተኝነት ወጥቶ ወደ አንቀጽ 58 ሊገባ ይችላል። ውጤቱን የተቀበለ ሰው ሆን ብሎ እንዳደረገ ይቆጠራል። ቃል ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ የምለው ለዚህ ነው።

አረቄውም አይረዳዎትም። ራሱ ጠጥቶ ራሱን የሳተ ሰው «አላወቅኩም ነበር» ብሎ አያመልጥም፤ አንቀጽ 50 ይከለክለዋል። ጎረቤትዎ ሕይወቱ ቢያልፍ ኖሮ ደግሞ የበለጠ ይከብድ ነበር። በአንቀጽ 543 ተራው በቸልተኝነት ሰው መግደል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አስገብቶ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በአንድ ብርጭቆ አረቄ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው።

የእርስዎ ጉዳይ በአንቀጽ 559 ይታያል፤ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ። ቀላል ጉዳት ከሆነ እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 1,000 ብር መቀጮ ነው። ጉዳቱ ከባድ ከተባለ ከ6 ወር የማያንስ እስራት ወይም ከ1,000 ብር የማያንስ መቀጮ ይሆናል። የተሰበረ የጭን አጥንት ወደ የትኛው ይሄዳል? ሐኪሙ የሚጽፈው ይወስናል። እግሩ እንደቀድሞው ካላገለገለው ከባድ ነው።

ዕርቁስ? ሲዳማ ውስጥ አፊኒ (የሲዳማ ባህላዊ የሽምግልና ሥርዓት) ተቀምጦ የተፈታ ጉዳይ ትልቅ ክብደት አለው፤ አላናንቀውም። ቂም አስወግዶላችኋል፤ በጉርብትና ለመኖር ይህ ከፍርድ ቤት ወረቀት ይበልጣል። ነገር ግን ከባድ ጉዳት ከሆነ ክሱ የጎረቤትዎ ሳይሆን የመንግሥት ነው። ጎረቤትዎ «ትቼዋለሁ» ስላለ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ለመተው አይገደድም። ዕርቁ የሚጠቅምዎ ቅጣት ሲወሰን ነው። አንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተን፣ ተጎጂውን የረዳንና የካሰን ሰው ቅጣት ያቀልለታል። ከዚያም አልፎ ቅጣቱ በገደብ እንዲታገድ መጠየቅ ይቻላል። ሆስፒታል ማድረስዎም ተራ ነገር አይደለም። የጎዱትን ሰው ጥሎ መሄድ በአንቀጽ 575 ተጨማሪ ወንጀል ይሆንብዎ ነበር።

የገንዘቡ መንገድ ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2067 በሌላ ሰው አካል ላይ በድርጊቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ይከፍላል። ከወንጀሉ ነፃ ቢወጡም ካሳው ላይቀርልዎ ይችላል። «ባትሪ አልያዘም» የሚለው መከራከሪያ ደካማ ነው፤ ሰው በገዛ ማሳው ሲሄድ ጥፋተኛ አይባልም። ለሞራል ካሳ ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ፤ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው። ትልቁ ሒሳብ ሕክምናውና የቀረበት ገቢ ነው።

የተፈራረማችሁትን ወረቀት አላየሁትም። በስምምነት የተጨረሰ ጉዳይ በተዋዋዮች መካከል እንደ ፍርድ ይቆጠራል። ግን ወረቀቱ የሕክምናውን ብቻ ከሆነ የሚጠቅሰው፣ ሰውየው ነገ ሥራ መሥራት ካልቻለ ክርክሩ ሊከፈት ይችላል። ይርጋው (ካሳ ለመጠየቅ ሕጉ የሰጠው የጊዜ ገደብ) በመርህ 2 ዓመት ነው፤ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ግን እሱን ይከተላል። እርስዎም እሱም ሳይጎዳ፣ ሐኪሙ የመጨረሻ ውጤቱን ከነገራችሁ በኋላ ወረቀቱን አሟልታችሁ ብትጽፉት ይሻላል።

ስለ ክላሹ አጭር ልበል። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውየው ነው። የአጎትዎ ፈቃድ እርስዎን አይሸፍንም፤ አጎትዎም ለምን ሰጡት ተብለው ይጠየቃሉ። አደኑም እንደዚሁ ፈቃድ ይፈልጋል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 «ማሳዬን በላብኝ» የሚል ሁሉ ተኩሶ እንዲገድል አይፈቅድም። ከውጭ አገር ኒያላ ሊያድን የሚመጣው ሀብታም እንኳ ፈቃድ አውጥቶ ከባለሙያ አዳኝ ጋር ነው ጫካ የሚገባው። ከርከሮው ካስቸገረ ለቀበሌና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። እስከዚያው ውሻ፣ እሳትና ጩኸት ይጠቀሙ።

ወደ ፖሊስ ሲሄዱ የዕርቁን ወረቀት፣ የሆስፒታል ደረሰኞቹንና ጎረቤትዎን ያደረሳችሁበትን መኪና ሾፌር ስም ይዘው ይሂዱ። ጠመንጃው እስካሁን ቤት ከሆነ አይወልውሉት፤ ባለበት ሁኔታ ያስረክቡ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለዎ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ ብለው ዳኛውን ይጠይቁ።