የጉበት ኢላስቶግራፊ፦ ከባለሙያና ከታካሚ የመጡ ጥያቄዎች

ኢላስቶግራፊ ማለት ሞገድ ወደ ጉበት ልኮ ግትርነቱን መለካት ነው፤ በኪሎፓስካል የሚሰጠው ቁጥር ከፍ ሲል ጉበቱ ጠንክሯል፣ ጠባሳም ሊኖረው ይችላል። ፋይብሮስካን ለዚህ የተሠራ ማሽን ነው።

ጥ፦ አንድ ታካሚ ጠዋት 6.1 ኪሎፓስካል ነበር፤ ከምሳ በኋላ ሲደገም 9.4 ሆነ። ፋይብሮስካኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መ፦ ማሽኑ ደህና ነው፤ ያሳሳታችሁ ምሳው ነው። ሰው ሲበላ በፖርታል ቬይን (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚወስደው ደም ሥር) ወደ ጉበት የሚገባው ደም ይጨምራል። የጉበቱ ሽፋን ደግሞ በቀላሉ ስለማይለጠጥ ጉበቱ ይወጠራል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ቢያንስ 3 ሰዓት ሳይበላ ይምጣ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ከሰዓት ቢቀጠርም ግድ የለም፤ ብቻ «መጨረሻ የበሉት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ሰዓቱን ውጤቱ ላይ ጻፉት። የጠዋቱን ያዙ፣ የከሰዓቱን ጣሉት።

ጥ፦ አሥር ልኬት ለማግኘት ሠላሳ ጊዜ እንሞክራለን። የት እየሳትን ነው?

መ፦ አብዛኛውን ጊዜ አቀማመጥ ላይ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛ፤ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ያድርግ፤ ቀኝ እግሩን በግራው ላይ ያነባብር። ያኔ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ይከፈታል። ከደረት አጥንት የታችኛው ጫፍ በአግድም ወደ ቀኝ ጎን ሂዱ፤ ከብብት መሃል ከሚወርደው መስመር ጋር ሲገናኝ ቁሙ። ክፍተቱን በጣት ፈልጉ፣ ጄል አትቆጥቡ፣ ፕሮቡም (ቆዳ ላይ የሚያርፈው የማሽኑ መለኪያ) ለቆዳው ቀጥ ብሎ ይቁም። ጫፉ ጎድን ላይ ካረፈ ሞገዱ አይገባም። ዘመም ካለ ደግሞ ኢላስቶግራሙ (ማሽኑ የሚያሳየው የሞገዱ ምስል) ላይ የሚታየው ሰያፍ መስመር ይጎብጣል ወይም ይቆራረጣል፤ እንዲህ ያለውን ማሽኑ ቢቀበለውም እኔ አልቀበለውም።

ሌላው ስብ ነው። ኤም ፕሮብ የሚለካው ከቆዳ በታች ከ25 እስከ 65 ሚሊሜትር ያለውን ነው። ከቆዳ እስከ ጉበት ከ25 ሚሊሜትር ካለፈ ኤክስኤል ፕሮብ ያስፈልጋል (ከ35 እስከ 75)፤ አለዚያ ስቡንም አብራችሁ ትለካላችሁ። 10 ትክክለኛ ልኬት ሲሞላ ሚዲያኑን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን ቁጥር) ውሰዱ። አይኪውአሩ (የመካከለኞቹ ግማሽ ልኬቶች ስፋት) የሚዲያኑን 30 በመቶ ካለፈ፣ በተለይ ሚዲያኑ ከ7 በላይ ሲሆን፣ ድገሙት። ሚዲያን 12፣ አይኪውአር 5 ማለት 42 በመቶ ነውና አያስተማምንም።

ጥ፦ ፋይብሮስካን የለንም፤ ሺር ዌቭ (በሞገድ ፍጥነት ግትርነትን የሚለካ ዘዴ) ያለው ተራ አልትራሳውንድ ግን አለን። የመለኪያ ሳጥኑን የት እናድርግ?

መ፦ በቀኝ ሎብ (በጉበቱ ቀኝ ክፍል)፣ ከካፕሱሉ (ከጉበቱ ሽፋን) 1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ፣ ደም ሥር በሌለበት። ካፕሱሉ ሥር ካደረጋችሁት ነጸብራቁ ያሳስታል። የግራ ሎብ በልብ ምት ስለሚናጥ ቁጥሩ ይጋነናል። ትንፋሹን በረጅሙ ስቦ ሳይሆን በተለመደው አተነፋፈስ መሃል ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ። 5 ጥሩ ልኬት ይበቃል። ማሽኑ በሜትር በሰከንድ የሚሰጥ ከሆነ ቁጥሩን በራሱ አባዙና በ3 አባዙት፤ 2 ሜትር በሰከንድ 12 ኪሎፓስካል ነው። በሜትር በሰከንድ ሲሆን የአይኪውአሩ ወሰን 15 በመቶ ነው። የአንዱን ማሽን ቁጥር ከሌላው ጋር አታወዳድሩ፤ ክትትሉ በአንድ ማሽን ይሁን።

ጥ፦ ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ፤ ፋይብሮስካኔ 8.2 ነው። መድኃኒት ልጀምር?

መ፦ በዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው ከ7 ኪሎፓስካል በላይ ሕክምና የሚያስጀምር የጉበት ጠባሳ ተብሎ ይወሰዳል፤ ሲሮሲስ (ጉበቱን ያዳረሰ ከባድ ጠባሳ) የሚባለው ከ12.5 በላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ በቂ ምክንያት አለው። ሆኖም በዚያው ሰሞን የተሠራውን ኤኤልቲ (የጉበት መቆጣትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ለሐኪምዎ ያሳዩ። ከጤናማው ጣሪያ ከአምስት እጥፍ በላይ ከነበረ ቁጥሩን ከፍ ያደረገው ጠባሳ ሳይሆን የጉበቱ የወቅቱ መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ሲበርድ ይደገማል።

ጥ፦ እግሩ ያበጠ የልብ ድካም ታካሚ ውጤቱ 30 ኪሎፓስካል መጣ። ሲሮሲስ ልበል?

መ፦ አይበሉ። ወደ ኋላ የተመለሰ ደም ብቻውን እዚያ ያደርሰዋል። የጉበት ቬይኖቹ ሰፍተው እንደሆነ ይዩ፤ ፈሳሹ በመድኃኒት ሲቀንስ ይለኩ። የሐሞት ቱቦ ሲዘጋም እንዲሁ ነው። ሆዱ ውኃ ከያዘ የፋይብሮስካን ሞገድ ውኃውን አያልፍም።

ጥ፦ ከጣና ዳርቻ የመጣ ወጣት ደም ያስታውከዋል፣ ጣፊያው ትልቅ ነው፤ ኢላስቶግራፊው ግን 6። እንዴት?

መ፦ ቢልሃርዝያን (ከሐይቅ ውኃ የሚይዝ የትል በሽታ) ያስቡ። ጠባሳው የሚሠራው በፖርታል ቬይን ቅርንጫፎች ዙሪያ ነው፤ ፕሮቡ የሚለካው የጉበት ሥጋ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የፖርታል ቬይኑ የደም ግፊት የሚጨምረው ደሙ ጉበቱ ውስጥ በቅጡ ሳይሠራጭ ነው። እዚህ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ማረጋገጫ አይሆንም፤ በተራው አልትራሳውንድ የቬይኑን ዙሪያ ውፍረት ይዩ፣ ኢንዶስኮፒም (የጉሮሮ ቧንቧና የጨጓራ ደም ሥሮች ማበጣቸውን በካሜራ ማየት) አይቅር።

ጥ፦ ታዲያ ኢንዶስኮፒን መቼ መተው ይቻላል?

መ፦ ሲሮሲሱ ገና ያልተባባሰ፣ ፋይብሮስካኑ ከ20 በታች፣ ፕሌትሌቱም (ደም የሚያረጋው የደም ሕዋስ) ከ150,000 በላይ ከሆነ። ሁለቱም ቁጥሮች መሟላት አለባቸው። የቢልሃርዝያውን ወጣት ይህ አይመለከተውም፤ የፕሌትሌት ቆጠራውም የዚያው ሰሞን ይሁን።