አንድ ዲያቆን ሲጎድል
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚጠይቁት ጥቂት አባወራዎች ብቻ ያሏት አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቷንና ትምህርቷን እንዴት አድርጋ እንደምትጠብቅ ነው። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሐሳባቸውን ባጭሩ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ምክንያት ወደ ባሕር ዳር ከተዛወርኩ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብላ በሐይቁ ዳር በምትገኝ ትንሽ አጥቢያ አስቀድሳለሁ። ጸጥታዋን እወደዋለሁ። አንዳንድ እሑድ ግን ማለዳ ደርሼ «ዛሬ ዲያቆን ስለጎደለ ቅዳሴ የለም» እባላለሁ። ቄሱ እያሉ፣ ሕዝቡም ተሰብስቦ እያለ፣ በአንድ ልጅ መቅረት ቅዳሴ መታጎሉ አግባብ ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሌሊት ተነሥቶ፣ ጾሞ፣ መንገድ አቋርጦ የመጣ ሰው እንዲህ ሲባል ማዘኑ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ካህኑ የመለሱልዎ መልስ ሥርዓቱን የጠበቀ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የሚቀደሰው ቢያንስ በአምስት ልዑካን (የቅዳሴ አገልጋዮች) ሲሆን፣ ሁለቱ ካህናት፣ ሦስቱ ደግሞ ዲያቆናት ናቸው። ካህን ምንም ያህል የተማረ ቢሆን ለብቻው ገብቶ አይቀድስም። ካህን የዲያቆኑን ድርሻ ተክቶ ሊያገለግል ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ካህናት ያሉበት ደብር በዲያቆን መጉደል አይቸገርም። ሁለት ቀሳውስት ብቻ ያሏት የገጠር አጥቢያ ግን ከሦስቱ ልጆች አንዱ ታሞ ከተኛ ወይም እናቱን ሊጠይቅ ከሄደ የሚተካው ሰው የላትም። ከከተማ ደብር ቀድሶ የወጣን ዲያቆን በሞተር ሳይክል አፍጥኖ ማምጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መቀደስ አይፈቀድለትም፣ ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ የደረሰም ከልዑካኑ ጋር አይቆጠርም።

የሚታየው ሦስት ልጅ ቢሆንም እያንዳንዱ ልጅ ለዚያ የደረሰው ብዙ ደክሞ ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ የዮሐንስን መልእክት በንባብ ወጥቶ፣ መዝሙረ ዳዊትን ደግሞ፣ ውዳሴ ማርያሙን በቃሉ ይዞ፣ ከየኔታ ዘንድ የዲቁናውን ትምህርት ከነዜማው አጥንቶ ነው ወደ ጳጳሱ ቀርቦ የሚሾመው። ከተሾመም በኋላ በቅዳሴ ቀን ሥራው የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ባለችው ቤተ ልሔም ስንዴው ተቦክቶ ኅብስቱ የሚጋገረው፣ ከዘቢቡም ወይኑ የሚዘጋጀው እርስዎ ገና ከቤት ሳይወጡ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ በባዶ ሆዱ አገልግሎ ሲያበቃ፣ በማግሥቱ ሰኞ ደብተሩን ይዞ እንደ ማንኛውም እኩያው ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር አለ። ጎበዝ የሆነውን ዲያቆን አጥቢያዋ ቶሎ ታጣዋለች። ቅኔ ሊቀኝ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ፣ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሊያስመሰክር በጋይንት ወዳለው የቤተልሔም ጉባኤ ቤት፣ የዝማሬ መዋሥዕትን ዜማ ሊማር ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ ይህ ካልሆነም ዩኒቨርሲቲ ይገባል ወይም የከተማ ደብር ደመወዝ ይስበዋል። በዚህ ልጁን መውቀስ አይገባም። ሊቃውንቱ ሁሉ የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው፤ አንድም ዲያቆን ከመንደሩ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ማኅሌት አይኖርም ነበር። ችግሩ በሄደው ልጅ ፋንታ የሚተካ ሌላ ልጅ ከየኔታ እግር ሥር አለመገኘቱ ነው።

ቅዳሴ በማይኖርበት እሑድም ቢሆን ጸሎት ቀርቷል ማለት አይደለም። ካህኑ የኪዳን ጸሎት ያደርሳሉ፣ ወንጌል ይነበባል፣ መምህር ካለም ትምህርት ይሰጣል። ወደ ቤትዎ ከመመለስ ይልቅ በዚያ ይቁሙ። ከቻሉ ደግሞ የሰበካ ጉባኤውን ሰዎች ቀርበው የአብነት ተማሪዎቹ ምን እንደሚጎድላቸው ይጠይቋቸው። ቀድሞ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቆሞ በለመናት ቁራሽ ይማር ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር የግቢው አጥር ረዝሟል፣ በሩም ከውስጥ ተቆልፏል፤ ልጁ ቢጮህም የሚሰማው ዘበኛውና ውሻው ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ተማሪ ቀለቡን፣ አንድ ልብስና የደብተር መግዣ መቻል፣ እርስዎ ላጡት ቅዳሴ ቀጥተኛው መልስ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ዳር ያለች አንዲት መንደር ተወላጆች ነን፤ የምንኖረው ግን በልዩ ልዩ ከተሞች ነው። ለአጥቢያችን የሚሆን ገንዘብ አሰባስበናል። ግማሾቻችን አሮጌዋን ክብ ቤተ ክርስቲያን አፍርሰን በብሎኬትና በሲሚንቶ ትልቅ ሕንፃ እንሥራ እንላለን፤ ግማሾቻችን አይሆንም እንላለን። ምክርዎን እንሻለን።

መልስ፦ አሳባችሁ የሚመሰገን ነው፤ የማፍረሱን ነገር ግን እቃወማለሁ። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን፣ በደቅ ደሴትም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው ክቡ ቤት ከድህነት የተነሣ የተሠራ እንዳልሆነ ያውቃል። ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ አንዱ ሌላውን እየከበበ የተሠራው ለአገልግሎቱ እንዲመች ተብሎ ነው፤ መዘምራኑ ዙሪያውን ያሸበሽባሉ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕልም ማንበብ ለማይችለው ምእመን ትምህርት ሆኖ ኖሯል። ያ ግድግዳ ከፈረሰ በኋላ በዘይት ቀለም የሚሣለው አዲስ ሥዕል ምንም ቢያምር ያንን አይተካውም።

ሕጉንም አትዘንጉ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስነት የተያዘን ሕንፃ ያለ ፈቃድ መጠገንንም ሆነ መለወጥን ይከለክላል። ስለዚህ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ አስቀድማችሁ ሀገረ ስብከቱንና የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱን አማክሩ፤ ከዚያ በኋላ ጥገናውን ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

አንድ ጥያቄ ልጨምርባችሁ። አዲሱ ሕንፃ ቢሠራ በውስጡ የሚቀድሰው ማን ነው? ከዚህ በፊት ያለውን ደብዳቤ አንብቡት። ሕንፃው ትልቅ ሆኖ ዲያቆን የሌለው ቤት፣ መረቡ አዲስ ሆኖ ዓሣ አጥማጅ የሌለው ታንኳ ይሆናል። ከገንዘባችሁ በመጀመሪያ ለየኔታው ማደሪያና ደመወዝ፣ ለተማሪዎቹም የመኝታ ቤትና ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ እህል ቢመደብ፣ ከዚያ የተረፈው ለጥገናው ቢውል እመርጣለሁ። ውሳኔው ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ መሠረት አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣው ሰበካ ጉባኤ ነው። ከከተማ ገንዘብ ይዞ የመጣ ወገን በየዕለቱ በዚያ ከሚጸልየው ገበሬ በላይ ድምፅ ሊኖረው አይገባም፤ ይህን የምለው ገንዘብ ሰጪው ሳይታወቀው አዛዥ ሲሆን በብዙ ቦታ ስለሚታይ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ግእዝ ስለማልሰማ በቅዳሴ ሰዓት ሐሳቤ ይበተናል። ቤት ሆኜ መጽሐፍ ቅዱስ ባነብ አይሻልም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ንባቡን አትተዪው፤ ቅዳሴውንም እንዲሁ። ሐሳብሽ የሚበተነው ቅዳሴውን እንደ አንድ ረጅም ዜማ ከዳር እስከ ዳር ስለምትሰሚው ይመስለኛል። ቅዳሴ ክፍል ክፍል አለው። በመጀመሪያ ዝግጅቱ አለ። ቀጥሎ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከሐዋርያት ሥራም ይነበባል፤ ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠው ምስባክ ይሰበካል፣ ወንጌልም ይነበባል። ከዚያ በኋላ ዋናው ክፍል፣ የዕለቱ ፍሬ ቅዳሴ፣ ይቀጥላል። ፍሬ ቅዳሴዎቹ 14 ናቸው፤ የትኛው እንደሚቀደስ የሚወሰነው በበዓሉና በዕለቱ ነው። ንባቦቹ በብዙ አጥቢያዎች በአማርኛም ስለሚሰሙ ወንጌሉ አያመልጥሽም።

ከዚህም ሌላ ሕዝቡ የራሱ ድርሻ አለው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብለሽ የምትመልሺው አንቺ ነሽ፤ ካህኑም «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» ብለሽ ትመልሻለሽ። በከተማ ደብር በድምፅ ማጉያ ብዛት የሕዝቡ ድምፅ ስለሚዋጥ አንድ ሰው ዝም ቢል አይታወቅም። በትንሽ አጥቢያ ግን አንቺ ዝም ስትዪ የተሰጥኦው፣ ማለትም የሕዝቡ መልስ፣ ድምፅ እንደሚሳሳ ራስሽ ትሰሚዋለሽ። በባሕር ዳር መንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫዎች ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት የቅዳሴ መጽሐፍ ስላለ አንዱን ገዝተሽ በመጀመሪያ የሕዝቡን ተሰጥኦ ብቻ አጥኚ። ካህኑ የሚሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመከታተል መሞከር ያታክታል፤ እኔ አልመክርሽም።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። በቀን ሰባት ጊዜ መጸለይ እንደሚገባ ሰምቻለሁ። ከንጋት እስከ ምሽት መንገድ ላይ ስለምውል አልቻልኩም። በደል ይሆንብኛል?

መልስ፦ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ የመኝታ ሰዓትና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። መነሻቸው ዳዊት በ118ኛው መዝሙር በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ማለቱ ነው። እያንዳንዱም ሰዓት መታሰቢያ አለው፤ ሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው። በጣና ገዳማት፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ወይም በክብራን ገብርኤል፣ ያለ መነኩሴ ሰባቱን ሁሉ ሳያጓድል ሊፈጽም ይጥራል፤ ዓለምን ትቶ የሄደው ለዚሁ ነውና። ልጆች የሚያሳድግ ሠራተኛ ግን ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ በአቅሙ ልክ ይወስናል።

ማለዳ ከቤት ሳትወጣ ወደ ምሥራቅ ቆመህ የዘወትር ጸሎትህን አድርስ፤ ጊዜ ካለህም የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨምርበት። ማታም እንዲሁ አድርግ። ዳዊት መድገም ከፈለግህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለየቀኑ ስለተከፈለ፣ የሰኞው ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው፤ ይህ ለጀማሪ ስለሚበዛ የቻልከውን ያህል ድገም። በስድስት ሰዓት ተሳፋሪ ስትጠብቅ ባጃጅህን ዳር አስይዘህ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ብትደግም ያ ሰዓት አልታጎለም። እየነዳህ ስልክ ላይ ጸሎት ማንበብን ግን ተው፤ የሰው ነፍስ ይዘሃል።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፤ አገሬም ባሕር ዳር አይደለም። በምሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ያለው የሰንበቴ ማኅበር እኔን የመሰለ መጤ ይቀበላል? ድግሱ ከአቅሜ በላይ እንዳይሆንም እሰጋለሁ።

መልስ፦ ይቀበላል። ሰንበቴ ለአጥቢያው ምእመናን ሁሉ ነው፤ የትውልድ አገር አይጠየቅበትም። የማኅበሩን ሙሴ (መሪውን) ከቅዳሴ በኋላ አግኝተው መግባት እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው፤ ተራ ያስይዙዎታል። ተራው እስኪደርስ በርካታ ሳምንታት ስለሚያልፉ ለመዘጋጀት ጊዜ ይኖርዎታል። የድግሱ ልክ በየማኅበሩ ቢለያይም መሠረቱ ዳቦና ጠላ ነው፤ የሚዘከረውም ለደጁ ድኃና ለተማሪው ጭምር ነው። አንዳንድ ማኅበራት በፉክክር ወጥና ሥጋ እያበዙ ድኃውን አባል ማሸማቀቃቸው ተገቢ ስላልሆነ፣ በርስዎ ማኅበርም እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ለሙሴው ይናገሩ። ከሌላ አባል ጋር ተጣምሮ አንድ ተራ መያዝም በብዙ ቦታ የተለመደ ነው።