መልስ፦ ዕቃ ስጭን ሞተሬ ኩርባ ላይ ይዋዥቃል፣ አሞርዛተር ልቀይር?

ወንድሜ፣ ከጎንደር ተነስተህ በደባርቅ አድርገህ ሊማሊሞን ልትወርድ አስበህ፣ ዕቃ ስትጭን መሪው እየቀለለ ኩርባ ላይ ይዋዥቅብኛል ላልከው፣ ቆይ፣ ብርህን አታውጣ። አሞርዛተሩ (የመንገዱን ምት የሚያበርደው) ዘይት ካላፈሰሰ መጀመሪያ በላዩ የተጠመጠመውን ሞላ አጥብቀው። ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ሲያርፍ ኋላው ይሰምጣል፣ ፊቱ ይነሳል፣ የፊት ጎማው መሬት መቆንጠጥ ያቅተዋል። መሪው የቀለለህ ለዚህ ነው።

የኋላ አሞርዛተሩ ላይ ሞላውን የሚያጠብቅ ባለ ጥርስ ቀለበት አለ። በመንጠቆ ቁልፍ አንድ አንድ ጥርስ እያልክ አዙረው። ልኩን ለማወቅ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሳና ከጎማው መሃል ብሎን ቀጥ ብለህ እስከ መቀመጫው ስር ለካ፤ ከዚያ ዕቃውን ጭነህ አንተም ተቀመጥና ጓደኛህ እዚያው ቦታ ይለካልህ። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወተው 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ልዩነቱ 5 አካባቢ ይሁን። ከዚያ በላይ ከሰመጠ ሞላውን ጨምረህ አጥብቅ። የመመለሻ ማስተካከያ ብሎን (የተጨመቀው ሞላ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚቆጣጠር) ካለው (ብዙ ሞተር ላይ የለም) እሱንም ትንሽ አጥብቅ፣ አለዚያ ጉድጓድ በመታህ ቁጥር ኋላው ያነጥርሃል።

መፍቻና ውሃ የመሳሰለውን ከባድ ነገር ከታች፣ ወደ አንተ አስጠግተህ እሰር። እባክህ ከኋላ ጫፍ ላይ አትከምር! የጎማ ንፋስም መመሪያው ለጭነት ያለውን ያህል ይሁን። እንደጫንክ እስከ አዘዞ ደርሰህ ተመለስና ሞክረው። ሊማሊሞ ላይ በከባድ ማርሽ ውረድ፣ የፊት ፍሬን ብቻ ከያዝክ ፊቱ ይደፋል። ዕቃውን ስታራግፍ ሞላውን ወደ ቦታው መልሰው፣ ካልሆነ ወገብህን ነው የሚሰብረው።