ልጁ ጠግቦ እንደሆነ ማን ያውቃል? ስለ ሊያን በርች ምርምር ጥያቄና መልስ

ሊያን በርች በሳይኮሎጂ የሠለጠኑ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበሩ። በኢሊኖይና በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች፣ በመጨረሻም በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ምግብ ፕሮፌሰርነት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 አርፈዋል። ዕድሜያቸውን የሰጡት ልጆች ምግብን መውደድ፣ መጥላትና ከልክ በላይ መብላት እንዴት እንደሚማሩ ለማወቅ ነው። በሥነ ምግብ ባለሙያነት ከወላጆች ጋር ስቀመጥ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ እርሳቸው ሥራ ስለሆነ፣ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በዚያው መንገድ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ካልለመንኩትና ካልተቆጣሁት ሳህኑን አይጨርስም። ምን ላድርግ? (እናት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልመናውንም ቁጣውንም ተዪው። በርችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ለ27 ትንንሽ ልጆች የበቆሎና የዱባ ሾርባ ቀረበ። አንዱን ሾርባ ሲበሉ አዋቂዋ «እባክህ ሾርባህን ጨርስ» እያለች ትወተውታለች፤ በሌላው ጊዜ ምንም አትልም። ልጆቹ የበለጠ የበሉት ሳይወተወቱ ነው። ስለ ምግቡ ያሰሙት ምሬት ሲቆጠርም፣ ሲወተወቱ 157 ጊዜ፣ ሲተዉ 30 ጊዜ ሆነ። እኛ «በሞቴ» ብለን እንግዳ የምናስጨርስ ሰዎች ነን፤ ጉርሻችንም ፍቅር ነው፤ ይህን ማንም እንዲነጥቀን አልፈልግም። ነገር ግን ፊቱን ወደ ጎን ያዞረ ሕፃን «በቃኝ» ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ጉርሻው ወደ ሳህኑ ይመለስ። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ አንቺ ወስኚ፤ ምን ያህል እንደሚበላ ለእርሱ ተዪለት።

ጥያቄ፦ ብስኩትና ቺፕስ ቁም ሳጥን ላይ እሰቅላለሁ። ልጄ ግን ዘመድ ቤት ስንሄድ እንዳልበላ ሰው ይስገበገባል። ያሳፍረኛል። (አባት፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትፈር፤ የልጅዎ ነገር በደንብ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በርችና የምርምር ባልደረባቸው ጄኒፈር ፊሸር ልጆችን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡ። አንዱ ብስኩት እንደ ልብ ይበላል፤ ተመሳሳዩ ሌላው ግን ውስጡ በሚታይ ዕቃ ተከድኖ መሐል ላይ ተቀመጠ። የሚከፈተውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ከዚያ ዕቃ ላይ ማንሳት አቃታቸው፤ ስለ እርሱ አወሩ፣ ለመኑ፣ እጃቸውን ሰደዱ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሥራቸው ሴት ልጆችን ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመታቸው ተከታትለዋል። በአምስት ዓመታቸው እናቶቻቸው አጥብቀው የከለከሏቸው፣ በዘጠኝ ዓመታቸው ሳይራቡም ብዙ የሚበሉ ሆነው ተገኙ። ልጆቹ ፔንሲልቬንያ የሚኖሩ ነጮች ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ቤት አላመጣም፤ የሰቀሉትን ብስኩት በተመለከተ ግን ትምህርቱ ይሠራል። እያዩት ከሚከለከል፣ ጭራሹን ባይገዛ ይሻላል። አልፎ አልፎ ከተገዛም ከሌላው ምግብ ጋር ይቅረብና ሁሉም ይብላው፤ «ጎመንህን ከበላህ ብስኩት እሰጥሃለሁ» አይባል። እንዲህ ያለው ውል ጎመኑን ቅጣት፣ ብስኩቱን ሽልማት ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ አትክልት ጨርሶ አይነካም። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተውኩ።

መልስ፦ ሦስት ጥቂት ነው። በርች እ.ኤ.አ. በ1982 ለሁለት ዓመት ልጆች የማያውቋቸውን ምግቦች እስከ 20 ጊዜ አስቀምሰው፣ ብዙ የተቀመሰው የበለጠ ሲወደድ አይተዋል። ስለዚህ የጥፍር ያህል ካሮት ወይም ቀይ ሥር ከሚወደው ሽሮ አጠገብ ይቀመጥ፤ ባይበላም ዝም በሉ፤ ነገም ይመለስ። አትክልቱን የሚወድ የአጎት ልጅ ካለ አጠገቡ አስቀምጡት፤ ልጅ ከልጅ እንደሚማርም እኚሁ ሴት ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አሳይተዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ «የወፈረ ልጅ ጤነኛ ነው» ትላለች። ለመሆኑ ውፍረት የእኛ ችግር ነው?

መልስ፦ እናትዎ ረሃብን ያዩ ትውልድ ናቸው፤ ንግግራቸው ከዚያ የመጣ ስለሆነ በአክብሮት ያዳምጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 በመቶው ቀንጭረዋል፤ ከልክ በላይ የወፈሩት 1 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጅዎ እየከሳ ወይም ዕድገቱ እየቆመ ከሆነ ይህን ሁሉ ትተው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ለስላሳ መጠጥ በየሱቁ በሚሸጥባቸው ከተሞችና በውጭ አገር ላለን ግን ጉዳዩ ደጃችን ደርሷል። በአንድ ቆርቆሮ፣ በ330 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ። ይህን በሻይ ማንኪያ እየሰፈርኩ ብርጭቆ ውስጥ ሳሳያቸው ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ዝም የሚሉ እናቶች አሉ።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ልጄ ባለቀሰች ቁጥር አጠባታለሁ። ስህተት ነው?

መልስ፦ ስትርብ ማጥባት ፈጽሞ ስህተት አይደለም። ለቅሶ ሁሉ ግን ረሃብ አይደለም፤ እንቅልፍ፣ ሙቀት፣ የረጠበ ጨርቅ፣ ወይም እቅፍ መፈለግም ሊሆን ይችላል። በርች የተሳተፉበት የፔንሲልቬንያ ጥናት 279 የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶችን ይዟል። ለግማሾቹ ነርሶች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የረሃብን፣ የጥጋብንና የእንቅልፍን ምልክት አስተማሯቸው። የእነዚህ እናቶች ልጆች ሦስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽረው መለኪያ ከሌሎቹ ልጆች ዝቅ ብለው ተገኙ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የተገኘው ያለ መድኃኒት፣ ያለ ክልከላ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ወፍሯል። ሐኪሙ ፊት «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ተባልኩ።

መልስ፦ ይህን የነገረሽ ሰው ተሳስቷል፤ በጣም አዝኛለሁ። በርች ራሳቸው የመሩት የአሜሪካ የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሕፃናት ውፍረት ምክረ ሐሳብ ሲያወጣ፣ ምክሩን ያቀረበው ለጤና ተቋማት፣ ለሕፃናት መዋያዎችና ለመንግሥት አካላት እንጂ እናቶችን ለመውቀስ አልነበረም፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መጫወቻ ጊዜና ሕፃናቱ በሚውሉበት ስለሚቀርብላቸው ምግብ። ልጅሽን በሰው ፊት ስለ ክብደቱ አታንሺበት፤ ሌሎችም እንዳያነሱበት ከልክዪ። ማታ ላይ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ አንድ ትሪ ላይ አብራችሁ ብሉ፤ ከዚህ ጀምሪ።